ዘንዶውን የገደለች ፊደል

ሰው የሚፈራው ነገር ብዙ ነው። አንዱ እባብ ይፈራል፣ አንዱ መብረቅ፣ አንዱ ደግሞ አማቱን። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ስፈራ የኖርሁት ፊደል ነው። ያውም ከነቤተሰቡ እንዳይመስላችሁ፤ «ሰ»ን ብቻ። «ሱ» እና «ሲ» ምንም አድርገውኝ አያውቁም።

አትሳቁብኝ። እንጀራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። እናንተ ልቦለድ ስታነቡ ማን ማንን አገባ ትላላችሁ፤ እኔ ነጥቡ የት ሄደ፣ ይህች ፊደል እዚህ ምን ትሠራለች እያልሁ ፍቅሩም ጦርነቱም ያልፈኛል። የሙያ በሽታ ነው፤ መድኃኒትም አልተገኘለትም። የእኔ በሽታ ግን ከሙያው በፊት የጀመረ ነው።

መምህር ይስማው የሚባሉ የአማርኛ አስተማሪ በጎልማሳነታቸው የጻፉት አንድ የምናብ ልቦለድ አለ። ሐይቅ ውስጥ የሚኖር ዘንዶ፣ ከእንፍራንዝ በኩል የመጣች ደፋር ልጅ፣ ዘንዶውን ካልገደልሁ ብሎ የተነሣ ንጉሥ። ባሕር ዳር ያደግን ሰዎች ሐይቁ የትኛው እንደሆነ ማንም እንዲነግረን አልፈለግንም። መጽሐፉ ሁለት ጊዜ ታትሟል። የመጀመሪያው ኅትመት የሚያበቃው «ልጅቷ ስሙን ስትጠራው ዘንዶው አለቀሰ» ብሎ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ልጅቷ ስሙን ስትጠራው ዘንዶው አለቀ» ይላል።

ሁለተኛውን በኮምፒውተር የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። የመጀመሪያውን ኅትመት አጠገቤ ዘርግቼ፣ ግልጽ ግድፈት ሳገኝ ብቻ እያቀናሁ፣ ቃል በቃል ገለበጥሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ መብራት ሳይጠፋብኝ ብዬ ተቻኮልሁ። መጽሐፉ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ገበያ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ክው ብዬ ቀረሁ። አንዲት ፊደል ጥዬ አንድ ዘንዶ ገድያለሁ።

ለማንም አልተነፈስሁም። ሰው አያነበውም ብዬ ተጽናናሁ፤ ሰው ግን አነበበው። የመጀመሪያውን ያነበቡት መጽሐፉ ስለ ይቅርታ ነው አሉ። ሁለተኛውን ያነበቡት ስለ ሞት ነው አሉ። ኮሌጅ ውስጥ አንድ ተማሪ፣ ደራሲው በሁለቱ ኅትመቶች መካከል ተስፋ የቆረጡት ለምን እንደሆነ የሚተነትን የመመረቂያ ጽሑፍ ሠራ። ጽሑፉን አርሚልኝ ብሎ ያመጣው ለማን ይመስላችኋል? አረምሁለት። ግሩም ጽሑፍ ነበር፤ አንዲት ግድፈት አልቀረችበትም። መምህር ይስማውን ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ ካየሁ ግን መንገድ እሻገር ነበር።

ዘንድሮ አንድ አሳታሚ መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ ሊያወጣው አሰበ። ሁለቱን ኅትመቶች አስተያይቼ፣ ልዩነታቸውን ዘርዝሬ፣ ደራሲው ዘንድ ሄጄ የትኛው ትክክል እንደሆነ እንድጠይቅ እኔን ለመነኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት ፈለግሁ፤ ጠፋ።

ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤታቸው ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ሙሉነሽ ናት። ወረቀቴን ዘርግቼ ተቀመጥሁ። መምህር ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ እኔ ማንበብ፣ እሳቸው መፍረድ ያዝን። በመጀመሪያው ኅትመት አንዲት ልዕልት «በቆሎ ላይ ተቀምጣ» ትመጣለች፤ በሁለተኛው በቅሎ አግኝታለች። በመጀመሪያው ንጉሡ ጦርነት ሲነሣ «ጦሙን አሰለፈ» ይላል፤ በሁለተኛው ጦሩን ነው። መምህር በቆሎው ላይ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን የመጨረሻዋ ተራ እየቀረበች ነበር።

ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥሁት።

«መምህር፣ የቀረችው የእኔ ጥፋት ናት» አልኋቸው። «ዘንዶው ማልቀስ ነበረበት። ‹ሰ›ን የጣልኋት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ፈርቼ አልነገርሁዎትም።»

መምህር ልጃቸውን ጠርተው የራሳቸውን መጽሐፍ እንድታመጣ አዘዟት። ሙሉነሽ ጠርዙ የተበላ የመጀመሪያ ኅትመት አመጣችና መጨረሻው ገጽ ላይ ገልጣ ሰጠችኝ። «ሰ» ላይ በቀይ እስክሪብቶ ወፍራም መስመር ተሰምሮባታል። ዳሩ ላይ በመምህር የእጅ ጽሑፍ «ትውጣ» ይላል።

«እኔ የጻፍሁት ‹አለቀ› ብዬ ነው» አሉ። «ያስለቀሰብኝ የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት ነው። ሁለተኛው ሲታተም ይህን እርማት ይዤ ብሄድ፣ ሥራው ተጠናቋል፣ ዘግይተዋል ብለው መለሱኝ። ኋላ መጽሐፉ ሲወጣ ባየው ተስተካክሏል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አዝኖልኝ ነው ብዬ አንድ ቅል ማር ላክሁለት። ለካ ማሩ የአንቺ ኖሯል።»

ባለቤቱ ያንን ማር በምን ምክንያት እንደላኩለት ሳያውቅ ነው የበላው። ዘንዶውን ለምን እንደገደሉት ጠየቅኋቸው።

«እናቴን የቀበርሁ ሰሞን ነው የጻፍሁት» አሉ። «ስሟን ብጠራት አልመለሰችልኝም። የሚያለቅስማ የቀረው ነው፣ ልጄ። ልጅቷ ታልቅስ፤ ዘንዶው ምን ብሎ ያለቅሳል?»

ሙሉነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ወረቀቴን ዘርግቼ «አለቀ» የሚለው ላይ የትክክል ምልክት አደረግሁበት።

ከቤታቸው ስወጣ እግሬ መሬት አልረግጥ አለኝ። ሐይቁ ዳር ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ብቻዬን ሳቅሁ። አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ስታልፍ በጎሪጥ አየችኝ። አልፈርድባትም፤ ሃያ ዓመት የተሸከሙትን ነገር ሲያወርዱት ሰው ጤነኛ አይመስልም።

ሦስተኛው ኅትመት ባለፈው ወር ወጣ። የአራሚነቴ ስም መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል። ትናንት ከአንበሳሜ አንዲት አስተማሪ ስልኬን በሰው በሰው አፈላልጋ ደወለችልኝ። በጣም ትሑት ናት። ሥራዬን አመሰገነች፣ ጤናዬን ጠየቀች፣ ይቅርታ አስቀደመችና፣ መጨረሻው ገጽ ላይ «ሰ» የምትባል አንዲት ፊደል ወድቃብኛለች አለች። እሷ ያላት የመጀመሪያው ኅትመት ነው።

እንዴት ያለ ቀን ነው። ጥፋተኛ ነኝ ብዬ በተሸማቀቅሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ከሳሽ አልመጣም፤ ነፃ ከወጣሁ በኋላ መጣ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ለደራሲው እነግርልሻለሁ አልኋት። ስልኩን ዘጋሁና ምሳዬን በላሁ።