መቀናጆ ያጣው ስዊች

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ስትይ እሺ ያልሽ ትመስያለሽ፤ ተጠንቀቂ!» ያለችኝ አክስቴ ናት፤ ድሮ፣ ከአስረኛ ክፍል አቋርጬ የተዳርኩ ሰሞን። እኔ ግን መቼ ተጠንቅቄ!

ወንድ ልጅ ዕቃ ሲመርጥ ዓይኑ ከግዝፈት ላይ አይነሳም። መምህሩ ባሌ የኔትወርክ ሰርተፍኬት እፈተናለሁ ብሎ የቪዲዮ ትምህርት በላፕቶፑ አስጭኖ መጣ። ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ እንቅልፍ ጣለው። እኔ ልጄን እያጠባሁ እስከ መጨረሻው ዘለቅሁ፤ ፈተናውንም በልቤ የራሴ አደረግሁት።

የቀረኝ ልምምድ ነው። ለዚህ ደግሞ ስዊች ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ሳጥን። አንድ የቡሬ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ለባሌ ፎቶ ላከለት፦ አንድ ግዙፍ፣ ሁለት ትንንሽ። ትንንሾቹ ማራገቢያ ስለሌላቸው አይጮኹም፤ ልምምዱም ሁለት ስዊች እርስ በርስ ማነጋገር ነው። «ትንንሾቹስ?» አልኩ። «እነሱማ መጫወቻ ናቸው» አለና ባሌ ቡሬ ሄዶ ግዙፉን ተሸክሞ ፍኖተ ሰላም ቤታችን ገባ።

ሲሰካው ምን ሆነ? ወፍጮ ቤት ተከፈተ! አከራያችን እትዬ በአጥር በኩል «እህል ይዘን እንምጣ ወይ?» አሉ። ልጄ ባንኖ አለቀሰ። እኔ የማጠናው እሱ ሲተኛ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያ ሳጥን እያገሳ አይተኛም። ፈተናዬ በአፍጢሙ ተደፋ ማለት አይደል?

ታዲያ ባልን ፊት ለፊት ተሳስተሃል ይባላል? እግዜር ሲረዳኝ አማቴ ለጉዳይ ከቋሪት መጡ። «ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው ልጄ?» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ፣ «አባባ፣ ልጅዎ የገዛው በሬ ነው በሉት፤ ሥራው በጥማድ ነበር፣ እሱ ግን ነጠላ ገዛ» አልኳቸው።

ለገበሬ ከዚህ የከፋ ወሬ አለ? አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደሱው አንድ ያለውን ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል እንጂ እርሻ አይወጣም። ባሌ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «አንተ! ከማን ጋር ልትቀናጅ ነው?» አሉት። ፍኖተ ሰላም ቢታሰስ ነጠላ ስዊች ይዞ ባልንጀራ የሚፈልግ ጎረቤት ከየት ይመጣል! ባሌ እኔን አየኝ፤ እኔ የምከትፈውን ሽንኩርት አየሁ።

በማግስቱ ግዙፉን ቡሬ መልሶ በትንንሾቹ ለወጠው። ገና ከበር «አሰብኩበት፤ ለልምምድ ሁለት ነው የሚያስፈልገው» ብሎ ምክንያቱን ያስረዳኝ ጀመር። አቤት ማስረዳት! እኔም «እንዴ!» እያልኩ ሰማሁት።

አባቱን መናኸሪያ ሊሸኝ ሲወጣ ልጄ ተኝቶ ነበር። ሁለቱን ሰካኋቸው፤ ኮሽ አላሉም። በላፕቶፑ ገብቼ አንዱን ዳለቻ፣ ሌላውን ቦራ ብዬ የበሬ ስም አወጣሁላቸውና ፓስወርድ አደረግሁባቸው። ባሌ ፓስወርዱን ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ ብዬ እየጠበቅሁ ነው።

እስካሁን አልጠየቀም።