የአድራሻ አሞሌ

በስልካችሁ ኢንተርኔት ስትከፍቱ ከላይ በኩል አንዲት ቀጭን ሳጥን አለች፤ የገባችሁበት ገጽ ከየት እንደመጣ የሚጻፍባት። ይህችን ሳጥን ወደ አማርኛ የመለሳት ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባገኘው ግን ጠላ እጋብዘው ነበር። «የአድራሻ አሞሌ» ብሏታል። ረዘም፣ ጠፍጠፍ ያለ ነገር ሲፈልግ ጨው ላይ ደርሶ ቆመ መሰለኝ። መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ። እያደር ሳስበው ግን ሰውዬው አበጀ። በእኛ በመንዝ አሞሌ ለበግ ይሰጣል፤ በጉ ይልሳል፣ ነገም ይመጣና ይልሳል፣ ጡብ ያክል የነበረው ጨው ሳይታሰብ ጥፍር ያክላል። የአድራሻዋም ዕጣ ይኸው ሆነ። እየተላሰች አለቀች።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ደብረ ብርሃን ተማሪ ሳለሁ፣ ኮምፒውተሩ ከኋላው እንደ ነፍሰ ጡር ያበጠ በነበረበት ዘመን፣ አሞሌዋ የመስኮቱን ወርድ ይዛ ትንሰራፋ ነበር። ሦስት ጊዜ ደብልዩ ብለን፣ ነጥብ አስቀምጠን፣ ፊደል በፊደል እየለቀምን እንጽፍባታለን። አንድ ፊደል የሳተ ሰው ያላሰበው ቤት ይገባና አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ከጎኑ የተቀመጠ የማያውቀው ሰው «ኤስ ጎድሎሃል» ብሎ ያርመዋል። ገጹ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ስለ አገር ቤት እናወራለን፤ ሲመጣም ግማሹ ብቻ ይመጣል። ያ ጊዜ ናፈቀኝ ብል አትሳቁብኝ። የምንሄድበትን እናውቅ ነበር። አሁን ጣት አንድ ጊዜ ነካ ሲያደርግ ሁሉም ነገር ደጃችን መጥቶ ይቆማል፤ ከየት መጣህ የሚለው ሰው የለም።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው እንጀራዬ ከዚህችው አሞሌ ጋር ስለተያያዘ ነው። የምሠራው አዲስ አበባ፣ ለስልክ የሚሆን የአማርኛ ብሮውዘር በምታዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። የእኔ ድርሻ መልኩን መንደፍ፣ የቱ ቁልፍ የት ይቀመጥ የሚለውን መወሰን ነበር። ነበር ያልሁት የሚቀመጥ ቁልፍ እየጠፋ ስለሄደ ነው። አለቃችን በዕድሜ የሚያንሰኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ እርሳስ በቀር ምንም የማያኖር ልጅ ነው። «ንጹሕ ይሁን» ይላል። ንጹሕ ማለት በእሱ ቋንቋ ባዶ ማለት ነው። የመመለሻው ቀስት ተነሣ። የማደሻው ተከተለ። የቤቷ ሥዕል ሄደች። በመጨረሻ አሞሌዋ ብቻዋን ቀረችና እሷም ትነሣ ተባለ። እኔ ጥብቅና ቆምሁላት። ሰው የማን ቤት እንደገባ ማወቅ አለበት፣ አለዚያ ማንም ሰው የማንንም ካባ ደርቦ ይቀበለዋል ብዬ ተሟገትሁ። እሱ ደግሞ «አድራሻ ማንም አያይም፤ የምታየው አንተና መሰሎችህ ብቻ ናችሁ» አለኝ። መሰሎችህ ሲል ሽማግሌዎች ማለቱ ነው።

ክርክሩ አላልቅ ሲል ሁለቱንም መልክ ስልክ ላይ ጫንና ሰው ጠይቀህ ና ተባልሁ። አንዱ አሞሌ ያለው፣ ሌላው አልቦ። ደግነቱ በዚያው ሰሞን ታላቅ እኅቴ ከዘመሮ ደውላ ሰብለን ሊጠይቁ ሽማግሎች ስለሚመጡ እንዳትቀር ብላኝ ነበር። ሰብለ የእኅቴ ልጅ ናት፤ አስተማሪ። የሚጠይቃት ዳዊትም እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ስልኬን ይዤ፣ የሥራውንም የዘመዱንም በአንድ መንገድ ልጨርስ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ቀየት፣ ጋሽ ማንደፍሮ ዘንድ ነው። ጋሽ ማንደፍሮ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ለቤተ ዘመዱ የትውልድ ቆጣሪ ናቸው። ገበያ ላይ ሰላም ያላቸውን ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ሳይሉ እጁን አይለቁትም። አይለቁትም ስል በእውነት ጨብጠው ይይዙታል። «የእገሌ» ሲላቸው «እገሌስ የማን?» ይቀጥላል። ከማማ ምድር ይሁን ከላሎ፣ ከጌራ ይሁን ከግሼ፣ ደብሩና ወንዙ ተለይቶ ካልታወቀ ያ ሰው በእሳቸው ዓይን ገና አልመጣም። ሰው ሲያሙ እንኳ አያቱን ሳይጠሩ አያሙም። እኔን በልጅነቴ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያስባሉ እስከ የጥዱ አበጋዝ ድረስ ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ጥድ መንደሩ ነው፤ አበጋዝ ደግሞ ሁላችንም የምንመዘዝበት ሰው። ከሰብለ ሲቆጠር ስድስተኛ ቤት ላይ ይገኛል።

በዚያ ሰሞን «የጓሳ ሣር ማጨድ ተፈቀደ» የሚል ገጽ በየስልኩ ይዞር ነበር። ጓሳ እንደምታውቁት እንደ ፈለጉ የሚገቡበት አይደለም፤ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሽማግሎች ሲፈቅዱ ብቻ ለቤት ክዳን ይታጨዳል። ጎረቤት ማጭዱን እየሳለ ነበር። ገጹን አሞሌ በሌለው መልክ ከፍቼ ለጋሽ ማንደፍሮ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ገጹ ነው ጋሼ።»

«ገጹ የማን ልጅ ነው?»

አሞሌ ያለውን ከፈትሁላቸው። ፈረንጅ ፊደል ስለማያነቡ እኔ አነበብሁላቸው፤ የተዘበራረቀ ፊደልና ቁጥር ነበር፣ ለመጥራት እንኳ የሚያስቸግር። «ይሄ ስም ነው ሳል?» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። ወጥተው ጎረቤታቸውን ማጭዱን ሰቅሎ እንዲቆይ ነገሩት። በማግሥቱ ሽማግሎቹ ምንም እንዳልፈቀዱ ተሰማ። እኔ ደስታዬን አልቻልሁትም። ሳጥኗ አሞሌ እንደምትባል፣ አለቃዬም ሊያነሣት እንደሚፈልግ ነገርኋቸው።

«አለቃህ የማን ልጅ ነው?»

አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ሪፖርቴ በልቤ ተጽፎ አልቋል። ድል አድርጌአለሁ። ጋሽ ማንደፍሮን በበቅሏቸው፣ እኔ በእግሬ ሆነን ዘመሮ ስንገባ በመንገዱ ሁሉ ያፏጨሁ ይመስለኛል። ሰብለ ግን ገና ሳትስመኝ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«አጎቴ፣ ዳዊት የሚያውቀው እስከ አያቱ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ነው ያደገው፤ አባቱም ቀድመው ሞተውበታል።»

ዳዊት ታደሰ ወርቁ። መታወቂያ ላይ የሚጻፈው ያው ሦስት ስም ነው፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለውም። የእኛ አለቃ የነደፈው ይመስላል።

«ነገ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዝምድና ከተገኘ ጋሽ ማንደፍሮ እምቢ ይላሉ። እሳቸው እምቢ ካሉ እናቴ እሺ አትልም። እናቴን አስለቅሼ አልወጣም፣ እሱንም ትቼ አልኖርም። ታዲያ ምን ልሁን?»

«ምን ይገኛል ብለሽ ነው» አልኋት። ባዶ ማጽናኛ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጅ ሳለች ሳቋን ከሩቅ የምሰማት ሰብለ፣ ያን ቀን ከንፈሯ ደርቆ ነበር። አንጀቴን በላችው።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ከአጥር ተሰማ። የዳዊት ሽማግሎች ገብተው እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ፊት የቆሙት የዳዊት አባት አጎት ናቸው፤ ሸለቆውን ወጥተው ከመርሐቤቴ የመጡ፣ የበግ ጠጉር ባና የደረቡ፣ ድምፃቸው ቅዳሴ ቤት የኖረ ሽማግሌ። ልጁ የማያውቀውን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ወላጆቻቸው ከመንዝ ወደ መርሐቤቴ የተሻገሩ መሆናቸውን ገና ከመነሻው ሲናገሩ ጆሮዬን አቆምሁ። ከመንዝ የት?

«ልጃችሁን ለልጃችን» ተባለ። ጋሽ ማንደፍሮ በዱላቸው ላይ እጃቸውን ደራርበው «ልጃችሁ የማን ነው?» አሉ። እንግዳው ሽማግሌ ይህን ጥያቄ ሲናፍቁት የኖሩ ይመስላሉ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

«ዳዊት የታደሰ። ታደሰ የወርቁ። ወርቁ የዘነበ።»

ጋሽ ማንደፍሮ በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኅቴ ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛለች። ሰብለ ከጓዳው መጋረጃ በስተኋላ ናት፤ ከታች ጫማዋ ይታየኛል፣ አይንቀሳቀስም።

«ዘነበ የአምዴ። አምዴ የሸዋፈራ።»

አምስት ቤት። ሸዋፈራ የሚባል ሰው በእኛ በኩል የለም። ትንፋሼን ልለቅ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የአበጋዝን ልጆች በሙሉ አላውቃቸውም። ጋሽ ማንደፍሮ ያስጠኑኝ እኛ የወረድንበትን ብቻ ነበር።

አሁን የዚያን ሰዓት ነገሬን ልንገራችሁ። አድራሻ ለሁሉም፣ ሁልጊዜም ይታይ ብዬ ከአለቃዬ ጋር የተጣላሁ ሰውዬ፣ ቆሜ «ጌታዬ፣ ይቺን እንኳ ደብቃት» እያልሁ እጸልይ ነበር። ስብሰባ ላይ የተናገርሁት ሁሉ በነነ። ገጹ ያምራል፣ ልጆቹ ይዋደዳሉ፣ ከላይ የተጻፈውን ማን ጠየቀ? አለቃዬ በዚያች ደቂቃ ቢያየኝ ደመወዝ ይጨምርልኝ ነበር።

ሽማግሌው ቀጠሉ። «ሸዋፈራ የጥዱ…»

«ይበቃል» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

እንግዳው አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ብሮውዘራችን ረጅም አድራሻ ሲያጋጥመው መጨረሻውን ቆርጦ ሦስት ነጥብ ያደርግበታል፤ ልክ እንደዚያ ነው የሆነው። ከነጥቦቹ ወዲያ ያለውን ከተናጋሪው ሌላ በዚያ ቤት ውስጥ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን።

«ጋሼ፣ ሰባት አልሞላም እኮ» አለች እኅቴ ቀስ ብላ።

«ቆጣሪው ማነው?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው ሞልቷል። ከዚያ በላይ ጉም ነው፣ አይታየኝም። እንግዶች፣ ለምን ትቆማላችሁ? ተቀመጡ።»

እንግዳው ሽማግሌ ጋሽ ማንደፍሮን ለአፍታ ትክ ብለው አዩአቸው። ከዚያ አፋቸውን ገጠሙ፤ ባናቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ከመጋረጃው በታች የነበሩት ጫማዎች ጠፉ፤ ወዲያው ከጓሮ በኩል ሳቅ ነው ለቅሶ የማይለይ ድምፅ ሰማሁ። እኅቴም እልል ልትል አፏን ከፈተችና አልወጣ ብሏት ተቀመጠች።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ማንደፍሮ ወደ ቀየት ሲመለሱ ልሸኛቸው ወጣሁ። በቅሏቸውን እየሳቡ ይራመዳሉ። ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው ጨነቀኝና በሥራዬ በኩል ዞርሁ።

«ጋሼ፣ ያቺ ስልክ ላይ ያሳየሁዎት አሞሌ፤ ለአለቃዬ ትታይ ልበለው ትደበቅ?»

«ጠይቆ ሊያይ ለፈለገ ትታየው» አሉ። «ግን ሁሉንም ያየ ሰው ሁሉንም መናገር የለበትም። ዛሬ አንተም አይተሃል።»

«ምኑን?»

«ጎሽ።»

ትንሽ ሄድን። ሜዳው ላይ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ መልሶ ያነሣዋል። ጋሽ ማንደፍሮ ቆሙ።

«አባቴ ከእኔ የባሰ ቆጣሪ ነበር። እኔ አንዲት ልጅ ባስጠይቅ እስከ ሰባተኛው ቤት ሄዶ ዝምድናውን አገኘው። ሰባተኛው ላይ! ሽማግሎቼ አሬራ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ። ከዚያ የልጆቼን እናት አገባሁ፤ መልካም ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፣ አንድም ቀን አላስከፋኋትም። ግን እስከ ዛሬ ገበያ ስወጣ ዓይኔ ይፈልጋል። ሞታ ይሁን በሕይወት አላውቅም፤ ዓይኔ ግን ይፈልጋል።»

«ማን ነበረች ጋሼ?»

በቅሏቸው ላይ ወጥተው ተደላደሉ። ልጓሙን ሰብሰብ አደረጉና፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣

«ትርንጎ» አሉ።

በቃ። የአባት ስም የለ፣ ደብር የለ፣ ወንዝ የለ። «የማን ልጅ?» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት።