ሳታዩኝ ሐውልቴን ሥሩልኝ

ለትልቅ ሰው ሐውልት ማቆም የሕዝብ ወግ ነው። ሕዝብ ሲዘገይ ደግሞ ትልቁ ሰው ራሱ ቢያግዘው ነውር የለበትም። ክቡር አቶ ሰውነት ኃይለ ማርያም ይህን እገዛ ያደረጉት ጎንደር ፒያሳ ላይ ያስገነቡት ሕንፃ ተጠናቆ ሱቆቹ በተከራዩ ማግሥት ነው። ተከራዮቹ ተሰብስበው በአንድ ድምፅ «የባለውለታችን ሐውልት በደጃችን ይቁምልን!» አሉ። ድምፁ አንድ የሆነው የተናገረው አንድ ሰው ስለነበረ ነው፤ እሱም የአቶ ሰውነት የእኅት ልጅ ነው። አቶ ሰውነት የሕዝብ ጥያቄ መግፋት የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «እንግዲህ ካላችሁ» ብለው ተቀበሉ። ሐውልቱ ከነሐስ እንዲሆን፣ ከሰው ቁመት እጥፍ እንዲሆን፣ ቀኝ እጁም ወደ ፊት ተዘርግቶ ልማትን እንዲያመለክት ሕዝቡ አክሎ የጠየቀው እዚያው ነው።

ችግሩ ነሐሱን የሚያፈስሰው ቤት ነበር።

ያን የሚያህል ነሐስ አቅልጦ ሰው ማድረግ የሚችል ባካባቢው አንድ ቤተሰብ ብቻ አለ፤ ጠዳ፣ ከባሕር ዳር መንገድ ገባ ብሎ፣ የአያ ባዬ ቤት። አያ ባዬ ሙያውን ከአባት ከአያቱ ነው የወረሰው። ሚስቱ ዘነበወርቅ ሰሙን ታዘጋጃለች፤ ሴት ልጁ የትናየት አዲስ አበባ ቅርጻ ቅርጽ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ጭቃውን ታበጃለች፤ እሱ ያፈስሳል። ለአንድ የሰሜን ተራሮች ሎጅ የሠሩትን የነሐስ ዋልያ ያየ ሁሉ «ይዘልብኛል» ብሎ ፈቀቅ ይላል። የሙያ ጉድለት የለባቸውም። ጉድለታቸው ሌላ ነው፤ ጠይብ ናቸው። ጠይብ ደግሞ፣ እንደሚታወቀው፣ ቡዳ ነው። ቡዳም፣ እንደሚታወቀው፣ ሰውን በዓይኑ ይበላል። ይህን የሚያውቁት ሰዎች ጠይብ በሠራው ደወል ተጠርተው፣ ጠይብ በሠራው ጽና ታጥነው፣ ጠይብ በሳለው ማረሻ የታረሰውን በልተው ያደጉ ናቸው፤ ስለዚህ እውቀታቸው የቅርብ ነው።

አቶ ሰውነት ግን ዘመናዊ ሰው ናቸው። «እኔ በቡዳ አላምንም» ይላሉ። «ነገር ግን ቡዳው አለማመኔን ባያውቅስ?»

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ጥቁር ማኪናቸው ከአያ ባዬ አጥር ጥግ ቆመች። የኋላው መስታወት ሁለት ጣት ያህል ወረደ። አቶ ሰውነት ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው፣ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው እናታቸው ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጤና አዳም ይዘው ያሸታሉ።

«አያ ባዬ፣ ሐውልቴን ትሠሩልኛላችሁ» አሉ አቶ ሰውነት፣ ለወዲያኛው መስታወት።

«ሸጋ ነው ጌታዬ። በሉ ግቡና አረፍ በሉ፤ እህል ውኃም ቅመሱ።»

«ጾም ነኝ።»

በዓለ ሃምሳ ነበር። መነኩሴ እንኳ በማይጾምበት ሰሞን የሚጾም ሰው ማግኘት የትናየትን አስደነቃት። ቢሆንም ነገሩን ዋጥ አድርጋ ወደ ማኪናዋ ተጠጋች። ልቧ በዚህ ሥራ ላይ ነበር። ዋልያው ሎጅ ውስጥ ነው፣ የሚያየው ቱሪስት ነው፤ ይህ ግን ጎንደር መሐል፣ የገዛ አገሯ ሰው በየቀኑ በሚያልፍበት ቦታ የሚቆም የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አባቷን «ወግድ» ያለ ከተማ አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲያይ ፈልጋለች።

«ፊትዎን ማየት ይኖርብኛል ጌታዬ» አለች። «እየመጡ ጥቂት ጥቂት ይቀመጡልኛል።»

መስታወቱ አንድ ጣት ወጣ። «ማየት ምን ያደርጋል?»

«እርስዎን እንዲመስል ነዋ።»

«ሰው በዓይን ብቻ ነው የሚታወቀው? ዝናዬን አልሰማሽም?»

«ዝና አፍንጫ የለውም።»

«እንግዲያው ፎቶግራፍ እልክልሻለሁ።»

«ምነው ልጄ!» አሉ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል። «ፎቶግራፍማ የባሰ ነው! እዚያ ውስጥ ሆነህ ሲበሉህ በምን ታመልጣለህ?»

ምክሩ ልክ ስለነበር አቶ ሰውነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የማኪናውን መሪ ወደያዘው ሰው ጠቆሙ። «የሻው ይቆምልሻል። ቁመቱ ቁመቴ ነው፤ ትከሻውም ትከሻዬ ነው።»

«ፊቱስ?»

«ፊቱን የትልቅ ሰው አድርጊው። ትልቅ ሰው መቼም እኔን ነው የሚመስለው።» ሊሄዱ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ለመሆኑ ስምሽ ማነው?»

«የትናየት።»

«ስምሽ ራሱ ዓይን አለበት!» አሉና መስታወቱን ጥርቅም አደረጉት።

ሾፌሩ የሻው ለሐውልት ሥራ በመመረጡ የተሰማው ኩራት ቀላል አልነበረም። ሚስቱን «ቁመናዬን አይተው ነው» አላት። ከስንት ዓመት በፊት ከአቶ ሰውነት የወረሰውን ኮት እያጠለቀ ይመጣል፤ ሳጥን ላይ ይወጣና ቀኝ እጁን ወደ ልማት ይዘረጋል። ልማቱ የአያ ባዬ የፍየል በረት ነበር። ሲደክመው ወርዶ ከቤተሰቡ ጋር ሽሮውን ይበላል፣ ጠላውን ይጠጣል፤ እሱ ጾም አልነበረም። ዘነበወርቅ ስታጎርሰው «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የጎረስኩት ዛሬ ነው» አላት።

የትናየት ጭቃውን ስትደመድም ዓይኗ ከፊቱ አልነሣ እያላት ተቸገረች። የሻው የደባርቅን ጠመዝማዛ መንገድ ያለ እንቅልፍ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ፀሐይ ዓይኖቹን አጥብባቸዋለች፤ ግንባሩ እንደ ታረሰ ማሳ ነው፤ ሲስቅ ጉንጩ ላይ ጉድጓድ ይወጣል። እንዲህ ያለ ፊት ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ያላየችውን ፊት ከየት ታምጣ? ለማንኛውም አባቷ ላከ፦ «የጭቃው ሥራ አልቋል፤ ወደ ነሐስ ሳይገባ መጥተው ይዩት።»

መልስ መጣ። «ጾም ነኝ።»

ደግሞ ላከ። «ኋላ ጠብ እንዳይሆን፣ ፊቱን ይመልከቱት።»

«በእናንተ ሙሉ እምነት አለኝ፤ ወደዚያ ግን አልመጣም» አሉ አቶ ሰውነት። የዚህ ዓይነት እምነት ከታላላቅ ሰዎች ብቻ ነው የሚገኘው።

ነሐሱ በፈሰሰ ቀን ግን መጡ፤ ቪዲዮ ያስፈልጋቸው ነበር። ከጭቃው ወደ ሰም የተገለበጠው ሐውልት ቁርጥ ቁርጥ ተደርጎ፣ በጭቃና በፈረስ ፋንድያ ተለብዶ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሯል። ሰሙ በእሳት ቀልጦ ወጥቷል፤ ነሐሱ በቦታው ሊገባ ነው። ወናፉ ይጮኻል፤ አያ ባዬ ላቡ በአፍንጫው እየወረደ የቀላውን ነሐስ ዝንብል ያደርጋል። አቶ ሰውነት በዚህ ሁሉ መሐል ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው፣ ከአንገታቸው ሦስት ክታብ አንጠልጥለው፣ ስልካቸውን ከራሳቸው በላይ ዘርግተው ራሳቸውን ይቀርጻሉ። «ታሪክ ሲሠራ በዓይኔ እያየሁ ነው» አሉ፣ ጠዳን እያዩ።

ለጥምቀት ከሩቅም ከቅርብም እንግዳ በሚገባበት ሰሞን ሐውልቱ ተበይዶ፣ ተሞርዶ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፒያሳ ቆመ። የበዓሉ የክብር እንግዳ በቅርቡ ወደ ከተማው የተዛወሩ አንድ ሹም ነበሩ። ንግግራቸው ረዥም ነበር፤ «ከዘርፈ ብዙ አስተዋጽኦ አንጻር ከማየት አኳያ» የሚለው ሐረግ ብቻውን አንድ ጭብጨባ ፈጀ። የትናየት ከአባቷና ከእናቷ ጋር ከሕዝቡ ኋላ ቆማለች፤ እንዲቀመጡ ወንበር የሰጣቸው የለም።

ጨርቁ ወረደ።

ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። የነሐሱ ሰውዬ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ጠመዝማዛ መንገድ እንደሚመለከት ሁሉ አሻግሮ ያያል። ጉንጩ ላይ ጉድጓድ አለ።

«ኧረ የሻው!» ብሎ ጮኸ አንድ የባጃጅ ሾፌር። «ኧረ በማርያም የሻው ነው!»

«ልጄን በሉት!» ብለው ወይዘሮ ወለተሩፋኤል እሪ አሉ። «ፊቱን በልተው የሾፌር ፊት ተከሉበት!»

ሹሙ ግን ለከተማው አዲስ ናቸው። ሐውልቱን አዩ፣ ዙሪያቸውን አዩ፣ የአቶ ሰውነትን ቦርሳ ይዞ የቆመውን የሻውን አገኙት። እቅፍ አድርገው «የተከበሩ አቶ ሰውነት፣ እንኳን ደስ አለዎ! ቁርጥ እርስዎን!» አሉት። ከዚያ ከጎን ወደቆሙት ወደ እውነተኛው አቶ ሰውነት ዞረው ተቆጡ፦ «አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ቦርሳውን ተቀበላቸው እንጂ!»

አቶ ሰውነት ቦርሳውን ተቀበሉ። ትእዛዝ አክባሪ ናቸው። ነፍሳቸው የተመለሰችው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው።

«ይኼ ሾፌሬ ነው!»

«ታዲያ ሐውልቱ ምነው እሱን መሰለ?» አሉ ሹሙ።

አቶ ሰውነት ወደ እናታቸው ዞሩ። የመለሱት እናታቸው ናቸው። «ቡዳ እንዲያየው የላክነው እሱን ነዋ! ልጄን ልልክ ኖሯል?»

የሻው ዝግ ብሎ ዞረ። «እሜቴ፣ እኔን ይብሉኝ ብላችሁ ነው የላካችሁኝ?»

«ምን አለበት?» አሉ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል በቅንነት። «አንተ እንደሁ ጠንካራ ነህ።»

የሻው አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ከኪሱ የማኪናውን ቁልፍ አወጣ፤ የሐውልቱ ማቆሚያ ላይ ወጣና ተንጠራርቶ ወደ ልማት በተዘረጋው መዳፍ ላይ አኖረው። ከዚያ ሕዝቡን ሰንጥቆ ሄደና አያ ባዬን እጅ ነሣ፤ የዘነበወርቅን ጉልበት ሳመ። «ሸጋ አድርገሽ አይተሽኛል» አላት የትናየትን። እሷ ግን ዓይኗን ሰበረች። ይህን ሁሉ ወር ለሥራዋ ስትጨነቅ፣ ይህ ሰው ለምን እንደተላከ አንድም ቀን አልጠየቀችም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለአቶ ሰውነት ኑሮ ከበደ። በገዛ ሕንፃቸው በር ሲገቡ ሰው «የሻው ደህና ነው?» ይላቸዋል። ሐውልቱን እንዳያስነሡ የሕዝብ ጥያቄ ነው። እንዳይተዉት የሕዝብ ሳቅ ነው። እናታቸው «ቢቀርብህ ይሻላል» ቢሏቸውም ክብር ከፍርሃት በለጠባቸውና አንድ ጠዋት በባጃጅ ጠዳ ወረዱ።

«ራሱን ቁረጡና የኔን አድርጉበት» አሉ፣ ዛሬ አጥሩን አልፈው ገብተው።

«መቁረጡ ቀላል ነው» አለ አያ ባዬ። «ግን ልጄ ታይዎት።»

አቶ ሰውነት ክታቦቻቸውን አስተካከሉ። ነጭ ሽንኩርት በግራ ኪስ፣ ጤና አዳም በቀኝ ኪስ መኖሩን ዳበሱ። የሻው ይቆምበት የነበረው ሳጥን ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢውን ከፊታቸው ገለጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የትናየት እርጥብ ጭቃ በእጇ ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አየቻቸው። ከግንባራቸው ጀምራ ወደ ጉንጫቸው ወረደች፤ ከጉንጫቸው ወደ አገጫቸው። እጇ የሚጀምርበት ፈለገች። ከፍርሃታቸው በቀር የሚጨበጥ ነገር አጣች፤ እሱም በየደቂቃው ቦታ ይለውጣል። ደግማ ከላይ ጀመረች። አቶ ሰውነት ጥርሳቸውን ነክሰው ጸሎት ያነበንባሉ፤ ላባቸው ክታቡን አራሰው።

«በላሽኝ?» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

የትናየት ጭቃውን ወደ ገንዳው መለሰችና እጇን ታጠበች።

«ይነሡ ጌታዬ፣ በሰላም ይግቡ» አለች። «ፈልጌ ነበር፤ የሚበላ አላገኘሁም።»

አቶ ሰውነት ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ዳበሱት፤ አፍንጫው፣ ጉንጩ፣ አገጩ ሁሉ በቦታው ነበር። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ተሰድበው አያውቁም።