ያልተወለዱት ያስተማሩኝ

ትናንት ከአዳር ተረኝነት ወጥቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ዘጭ ባልኩበት ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም ነው ብዬ ልንቀው ነበር፤ ግን እስካሁን ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ። በጤና ጣቢያችን ያለነው አዋላጆች ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና ብርቄ። ሁለታችንንም ኮሌጅ ልኮ ያስተማረን የአካባቢው ሴቶች እድር ነው፤ እንቁላል እየሸጡ፣ ከልጆቻቸው አፍ እየነጠቁ። እኔ ደግሞ የውጭ አገር ሥራ አግኝቼ፣ ቪዛዬ መጥቶ፣ የሐሙስ ትኬቴን ፍራሼ ስር ደብቄአለሁ። ለብርቄ ትንፍሽ አላልኩም። «እሷ አለችላቸው» እያልኩ ነው ልቤን የማባብለው።

በሕልሜ ኮሌጁ ውስጥ ነኝ። እርጉዞቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ እኛ ተማሪዎቹ ሆዳችንን ይዘን አግዳሚ ላይ እናቃስታለን። ማንም አልገረመውም። «ቀጣይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ገባሁ። የኮሌጁ ገንዘብ ያዥ ወንበር ላይ ክራባት ያሰረ ሕፃን ተቀምጧል፤ ሌሎች ሕፃናት ግራና ቀኝ ከበውታል። እትብቱ በጠረጴዛው ስር አልፎ በመስኮት ይወጣል። የት እንደሚደርስ አልታየኝም።

«ስንት ወርህ ነው?» አልኩት፤ ልማድ ሆኖብኝ።

«ገና አልተወለድኩም። ደግሞ አንቱ በይኝ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ያስተማርንሽ እኛ ነን» አሉኝ። «እናቶቻችን አይምሰሉሽ። እኛ ነን ከየሆዱ ያዋጣነው።»

«ምን አዋጣችሁ ጌታዬ?»

«እኔ ጆሮዬን» ብለው ዞሩልኝ። እውነትም በጆሯቸው ቦታ ለስላሳ ቆዳ ብቻ ነው ያለው። «እዚያ ማዶ ያለችው ጥፍሮቿን ሰጠች። ይኼኛው ደግሞ ልቅሶውን።»

ልቅሶውን የሰጠው አፉን ከፈተ። ፊቱ ቀላ፣ ሆዱ ተወጠረ፣ ድምፅ ግን የለም። በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ዝም ያለ ሕፃን ግን ዛሬም አልለመድኩም። ሮጬ ጀርባውን ላሸው ስል ክራባታሙ እጄን መቱኝ።

«ተይው። የሰጠነውን አንቀበልም። ይልቅ ስትሄጂ ለማን ትተሽን ነው?»

«ብርቄ አለችላችሁ» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ልቅሶውን የሰጠውም ያለ ድምፅ ሳቀ።

ወዲያው አየር ማረፊያ ሆንኩ። የእድሩ ሴቶች ገንፎ ተሸክመው ሊሸኙኝ መጥተዋል። ቅቤው መሐሉ ላይ ረግቷል፤ አንዳቸውም ማንኪያ አልያዙም። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» አሉኝ በአንድ አፍ። ኧረ ይኼ ለነፍሰ ጡር ነው እንጂ ለመንገደኛ ይባላል እንዴ? «እርጉዝ አይደለሁም!» ብል ማን ሰምቶኝ። ፈታሹ ተንበረከከና የፅንስ ልብ የምናዳምጥበትን ቀንድ ሻንጣዬ ላይ ተክሎ ጆሮውን ለጠፈ።

«ይመታል» አለ።

«ልብስ ነው ያለው፣ ወንድሜ! በእናትህ!»

«ጭንቅላቱ ቁልቁል ዞሯል። ቀኑ ደርሷል። ቶሎ ግቢ።»

ሴቶቹ አውሮፕላኑን ከኋላ ከበው «ግፊ! ግፊ! ትንሽ ነው የቀረሽ!» እያሉ ጮኹ። አውሮፕላኑም እያቃሰተ ተነሣ።

የሰው አገር ሆስፒታል እንዴት እንደደረስኩ እንጃ። ንጽሕናው ያስፈራል። አንድም ሕፃን አይሰማም። በየአልጋው አሮጊትና ሽማግሌ በሕፃን መጠቅለያ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ አንዲት አሮጊት ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ መልሺኝ» አሉ፤ ጥርት ባለ በእኛ አገር አነጋገር።

«ወዴት ልመልስዎት እማማ?»

«ወደ ሆድ ነዋ! እዚህ አዋላጅ የሚቀጠረው ለሌላ መሰለሽ?»

ጣታቸውን አየሁት። ጥፍር የለውም።

ልሮጥ ስል ከኋላዬ ሻንጣው ማማጥ ጀመረ። እኔ ምጥ አውቃለሁ፤ የመጨረሻው ነው። ዚፑ ከውስጥ በኩል ቀስ እያለ ይከፈታል። ብቻዬን መሆኔ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ብርቄ! ብርቄ ድረሽልኝ!»

«እኔም አንቺን እየጠራሁ ነው» አለ የብርቄ ድምፅ ከሻንጣው ውስጥ።

ብንን አልኩ። ላብ አጥምቆኛል። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ፣ ጫማዬም እግሬ ላይ ነበር። ተመስገን ብዬ ስልኬን ሳነሣ የብርቄ መልእክት ገብቷል።

«እህት ዓለም፣ አየር ማረፊያ ነኝ። ልነግርሽ ስል ስል አፌ እምቢ አለኝ። የማዋለጃ ክፍሉን ቁልፍ በበርሽ ስር አስገብቼልሻለሁ። አንቺ አለሽላቸው ብዬ ነው የሄድኩት።»

ቁልፉ እውነትም መሬቱ ላይ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ጋሽ ወርቅዬ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ሲስተር! በእናቶች ማቆያው ቀናቸውን ከሚጠብቁት ሁለቱን ምጥ ይዟቸዋል። ብርቄን ብንፈልግ ብንፈልግ ጠፋች። ሲስተር፣ አለሽ ወይ?»