ኦሪጅናሉ ከእጅሽ አይውጣ

መታወቂያውን የፎቶ ኮፒው መስታወት ላይ፣ ከጥጉ ሁለት ጣት ገባ አድርጋ ታስቀምጣለች። ክዳኑን በክንዷ ጫን ትላለች። የወጣውን ወረቀት ሳታዞር መልሳ ለማሽኑ ታጎርሰዋለች፤ መታወቂያውን ገልብጣ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ፊትና ጀርባው አንድ ገጽ ላይ ይወጣል። ቀጥላ አራቱን ጉርድ ፎቶ በማስመሪያና በምላጭ ትለያለች። ከጀርባቸው ስም ትጽፋለች፣ በእርሳስ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋልና። ሁሉንም የላስቲክ ፎልደር ውስጥ ከታ ካርቶኑ ውስጥ ታቆመዋለች። እኔ በያጅ ነኝ፤ የሚሠራ እጅ ሳይ አውቃለሁ። ይህ እጅ አይሳሳትም።

የሌላ ሰው ጅምር እንቅልፍ የሚነሳው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለእኛ ለሞያሌ ሰዎች የደረሰችን ክብርት እትዬ እታለማሁ ናት፦ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ማንም ያልሾማት የትምህርት አቋራጮች የበላይ ጠባቂ።

አንድ ገጽ ልታባዛ ትገባለህ። «ፎርም ፎርን ጨርሰሃል?» ትልሃለች፤ በእኛ በኬንያ በኩል ሁለተኛ ደረጃ የሚያበቃበትን ክፍል ማለቷ ነው። «ሦስት ላይ ተውኩት» ካልክ አለቀልህ። በግል መፈተን እንደሚቻል፣ የጎልማሶች ትምህርት ማእከሉ ከሰዓት በኋላ እንደሚያስተምር፣ ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ ሳትሰማ አትወጣም። አንዴ የጭነት መኪና ረዳት ፎርም ሁለት ላይ ማቆሙን ነግሯት የመኪናውን ታርጋ መዝግባለች። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛውን አቅፋ፣ «እግዜር ያጽናህ» ብላ፣ በዚያው ትንፋሽ «የልደት ሰርተፊኬትህ የት ነው?» ስትል ሰምቻለሁ።

ከሁሉ በላይ የምትሰብከው ግን ይህን ነው፦ «ኦሪጅናልሽ ከእጅሽ አይውጣ። ለሹፌር አይሰጥም። ለአጎት አይሰጥም። እታለማሁ ልካኝ ነው ላለም አይሰጥም።»

ዘንድሮ ይህ ስብከት ዞሮ ራሷን ያዛት። ዋሪቱ ፎርም ሦስት ላይ ልጅ ወልዳ ያቋረጠች፣ ከከተማው ርቃ ያለችው የዳበል መንደር ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ልጇን አዝላ ማእከሉ ተምራለች። የፎርም ፎር ፈተና ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። የቀራት ቢሮው አይቶ የሚመልሰው የስምንተኛ ክፍል ውጤቷ ኦሪጅናል ብቻ ነው። እሱም እሷም ዳበል ናቸው፤ እናቷ እግራቸው ተሰብሮ ፍየሎቹን ልትጠብቅ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆናት። ዓርብ ካለፈ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው፤ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ማሠልጠኛው የያዘላት ቦታ ደግሞ ዓመት አይጠብቅም።

ሰኞ እትዬ ወረቀቱን እንዲያመጣ የጭነት መኪና ሹፌሩን ጉዮን ላከች። ማክሰኞ ጠዋት ባዶ እጁን መጣ።

«ወረቀቱስ?»

«እምቢ አለች። ‹ለሹፌር አይሰጥም ተብያለሁ› አለችኝ። ማማ፣ ሃያ ዓመት ሰው ስጭን እንደ ሌባ ያየኝ የለም።»

ከሰዓት በሞተር ሳይክሌ እኔ ተላክሁ። ዋሪቱን ፍየሎቹ መሃል አገኘኋት። ፎልደሩን በሻሿ ከደረቷ ጋር አስራዋለች።

«እታለማሁ ልካኝ ነው» አልኳት።

«እንደዚያ የሚል እንደሚመጣም ነግራኛለች።»

«እሺ ከኋላዬ ተቀመጪና እንሂድ።»

«ፍየሎቹን አንተ ልትጠብቅ? ሐሙስ ወንድሜ ከቦሪ ይመጣል። ያኔ እነሳለሁ። ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም።»

«መኪና ከጠፋስ?»

«እግር አለኝ።»

ስመለስ ሞተሬ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ከተማው ልደርስ ስል ቡቲዬ ላይ ቆመ። የቀረውን በእግሬ ገብቼ ለእትዬ ነገርኳት። ጉዮ በሩን ተደግፎ ይስቃል።

«ለአንድ ቀን ሕግሽን አንሺው» አልኳት። «ዋሪቱ ጉብታው ላይ ስትወጣ ስልኳ ይሠራል። ደውዪና ‹ለሚመጣው ሰው ስጪው› በያት።»

«አልልም» አለች። «እናንተን መላኬም ስሕተት ነበር። የእኔ ኦሪጅናል ከአጎቴ ኪስ ነው የጠፋው። እሱም ታማኝ ሰው ነበር። እኔ ሳልፈተን ቀረሁ።»

ጉዮ ሳቁን አቆመ። እሷ ምላጯን አንስታ ፎቶ መለየት ጀመረች። ያ የማይሳሳት እጅ ከፎቶው ላይ የአንዱን ሰውዬ ጆሮ ቆርጦ ሄደ። ፎቶውን አንስቼ አየሁት፤ ሰውዬው እኔ ነኝ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«መንጃ ፈቃድ ስታወጣ የተረፈ ነው። አንተም አቋራጭ ነህ፤ የመመዝገቢያ ፎልደርህ ከሞላ ቆየ፤ ፊርማህ ነው የቀረው። አሁን ግን ሌላ ፎቶ ትነሳለህ።» ቀና ሳትል ጨመረችበት፦ «ከዓርብ በፊት።»

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ነው። ጉዮ ጭነት ይዞ ማርሳቢት ወርዷል፤ ሞተሬ ቡቲዬ እንደቆመ ነው። እኔ አዲሱን ፎቶ ተነስቻለሁ፣ ፈርሜያለሁም። ይህን የምጽፈው እትዬ ከጀርባዬ ቆማ ነው፤ አባዝታ በየመኪና ማቆሚያው ልትለጥፈው ነው። በሩን ሦስቴ ወጥታ አይታ ተመለሰች። መጨረሻው ላይ እንዲህ በል አለችኝ፦

«ዛሬና ነገ ከዳበል የምትነሱ ሁሉ፣ ልጅ አዝላ ፎልደር ደረቷ ላይ ያሰረች ሴት መንገድ ላይ ካገኛችሁ ጫኑልኝ። ፊት ወንበር ስጧት። ወረቀቱን ልያዝልሽ ግን እንዳትሏት።»