ጥቁሩ አበባና የአማቴ ጸበል

በሚስቱ እናት ግቢ የሚኖር ባል የራሴ ነው ብሎ ሊምልበት የሚችለው ነገር ቢኖር ጥላው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ፀሐይ ዞር ስትል ጎመን መደቡ ላይ ተጋድሞ ይገኛል፤ ጎመኑ ደግሞ የአማት ነው። «ይኼን ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የነካኝ አበባ ነው። ታገሡኝ፣ እነግራችኋለሁ።

ቤታችን ጉለሌ ነው፤ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ። «ቤታችን» ያልኩት ለአፍ እንዲመች ነው እንጂ ቤቱም፣ ግቢውም፣ ዶሮዎቹም፣ ቧንቧውም፣ ባለቤቴ አልማዝም ሳትቀር የአማቴ የወይዘሮ አስካለ ናቸው።

አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። እንደ ደንቡ አንቱ ይሉኛል እንጂ አንድ ቀን አንተ ብለውኝ አያውቁም። «አቶ ደምሴ፣ እስቲ እግርዎን ያንሡልኝ፣ ልጥረግበት።» «አቶ ደምሴ፣ በርጩማዋን ይልቀቁልኝ፣ ሽንኩርት ልላጥባት።» ሰው በአንቱታ ከተቀመጠበት ሲነሣ ለመቀየም እንኳ አይመቸውም፤ ተከብሮ ቆሞ ይውላል። እንዲሁ ተከብሬ በራፍ ላይ በቆምኩበት ነው ዓይኔ ከቧንቧው አጠገብ ባለች ክፍት ቦታ ላይ ያረፈው። አንድ ቁርበት ቢነጠፍባት የማትተርፍ ቦታ ናት። የአምናውን ጎመን ዶሮዎቹ ጨርሰውባት ባዶዋን ቀርታለች። ወደድኳት። ከሥራ ስመለስ ሄጄ የምቆምባት፣ ማንም ልቀቅ የማይለኝ አንዲት ቦታ ትኑረኝ ብዬ ተመኘሁ። ይኼ ነውር ነው?

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን የነበረ አንድ ፈረንጅ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲሰናዳ ዕቃውን ለዚህም ለዚያም አደለ። ራዲዮው ለአለቃዬ፣ ብስክሌቱ ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ደረሰ። ለእኔ የደረሰኝ አንድ የወረቀት ከረጢት ነው። ብከፍተው ሦስት የተጨማደዱ፣ ድንች የመሰሉ ሥሮች...

«ካላ የሚባል አበባ ነው» አለኝ። «አንዱ ብጫ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ነው።»

«ጥቁሩ የትኛው ነው?»

«እሱን ረስቼዋለሁ። ሲበቅሉ ቅጠላቸውን አይተህ ትለያቸዋለህ። ነጩን ውኃ አጠጣው፣ ውኃ አይጠግብም። ብጫውና ጥቁሩ ግን ቅጠላቸው መጠውለግ ሲጀምር ውኃ ከልክላቸው። በጋውን ተኝተው ያሳልፉና ዝናብ ሲመጣ ይነሣሉ።»

ካላን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ አበባው አንድ ሰፊ ቅጠል ብቻ ነው፣ እንደ ጡሩምባ ተጠቅልሎ አፉን ወደ ሰማይ ይከፍታል። መሀሉ ላይ ጣት የምታክል ዘንግ ቆማለች። አማቴ ሥሩን ሲያዩ ግን ጡሩምባም አልታያቸውም።

«ይበላል?» አሉኝ።

«አይበላም።»

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ያምራል።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ልጃቸውን የዳሩበትን ቀን እያስታወሱ እንደሆነ ገባኝ። በመጨረሻ «መልካም፣ አቶ ደምሴ» አሉ። «እግዜር ለአበባ ወር ሰጥቶታል፤ ጽጌ ይባላል። ጽጌ የሚያልቀው በቁስቋም ነው። እስከ ኅዳር ቁስቋም ያንን ጥቁር ያሉትን አበባ ካሳዩኝ ቦታዋ የእርስዎ ናት። ካላሳዩኝ ጎመኔን እተክልባታለሁ።»

ተስማማን። ሰኔ ላይ ተከልኩ፣ ዝናቡ ጣለበት፣ ቅጠሉ ወጣ። አሁን እንግዲህ የመለየቱ ሥራ መጣ። ሁለቱ ቅጠላቸው ነጭ ነጠብጣብ አለበት፤ አንደኛው እንዲያውም ኖራ የተረጨበት ይመስላል። ሦስተኛው ግን ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዲት ነጥብ የሌለበት ጥርት ያለ ቅጠል ነው። አልማዝን ጠራኋት።

«ይኼ ነጠብጣቡ የበዛበት ነጩ ነው» አልኳት። «ነጭነቱ ከአሁኑ በቅጠሉ እየወጣ ነው። ይኼ ትንሽ ትንሽ ያለበት ብጫው ነው። ይኼ ነጭ የሚባል ነገር ያልነካው ደግሞ ጥቁሩ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሳይንስ ነዋ።»

አልማዝ ከእናቷ የወረሰችው አንድ አስተያየት አላት፤ በሱ አየችኝና ገባች። እኔ ግን ጣውላ ቆርጬ፣ በቀለም «ጥቁር» ብዬ በትልቁ ጽፌ ከጥርት ያለው ቅጠል ሥር ተከልኩ። ለነጩና ለብጫውም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉራ እንኳን እኔ ሰፈሩ ይንገራችሁ። ጥቁር አበባ ሊያወጣ ነው የሚባለውን ሰውዬ ለማየት ከአዲሱ ገበያ ድረስ የሚመጣ ነበር። ፀጉር ቤት ስገባ ወረፋ ይለቀቅልኝ ጀመር። ባርኔጣዬን ትንሽ ወደ ጎን ማዘንበልም ያኔ ነው የጀመርኩት።

መስከረም ላይ ብጫው አበበ። ልቤ ዘለለ! አማቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። አበባውን አዩት፤ ከዚያ ቀና ብለው ተራራውን አዩት። ተራራው በአደይ አበባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብጫ ሆኗል። «ብጫውስ በነጻ አለን፣ አቶ ደምሴ» ብለውኝ ገቡ።

ይሁን፣ ውላችን ስለ ጥቁሩ ነው። ግን ጥቅምት ገባ፣ ዝናቡ ቀጥ አለ፣ ቅጠሎቹም መጠውለግ ጀመሩ። «ነጩ» ጭራሽ ደርቆ መሬት ላይ ተኛ። ብጫው ገረጣ። የኔው ጥቁር ጉደኛም ትከሻውን ጣለ። እኔ ፈረንጁ እንዳለኝ ውኃ ከለከልኳቸው። አማቴ ደግሞ ምክንያቱን በራሳቸው መንገድ ደረሱበት።

«ዓይን ነው» አሉ።

«የማን ዓይን?»

«የአቶ መርሻ።»

አቶ መርሻ ያው ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ናቸው። ክረምቱን በአጥር ላይ አሻግረው «አቤት ቅጠል!» ብለው ኖሮ፣ «ማርያም ትጠብቀው» ሳይሉ ሄደዋል። አቶ መርሻ ደግሞ መነጽር ያደርጋሉ፤ በአማቴ ስሌት መነጽር ያደረገ ሰው ዓይኑ በእጥፍ ነው የሚታሰበው።

«ዓይን አይደለም» አልኳቸው። «ተኝተው ነው።»

«በጽጌ? አበባ በጽጌ ይተኛል?»

«የፈረንጅ አበባ ነው፣ ጽጌን አያውቅም።»

«እንግዲያው እናሳውቀዋለን» አሉና በማግስቱ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ተራራው ወጡ። ሲመለሱ በአረቄ ጠርሙስ ሙሉ ጸበል ይዘዋል። እኔም ተሟገትኩ፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሥር ውኃ ሲያገኝ ይበሰብሳል ብዬ ለመንኳቸው። «ጸበል ያበሰብሳል አሉኝ?» ብለው አማተቡ። ይኼን ጥያቄ ለመመለስ የሚደፍር ካለ እናንተ ሞክሩት፤ እኔ የሚስቴ እናት ቤት ነው የምኖረው።

መጀመሪያ ወደ «ነጩ» ዞሩ። የደረቀውን ቅጠል ጎተት አደረጉት፣ ሥሩን ይዞ ተነቀለ። «ይኼማ ሞቷል» አሉ። «ጸበል ለታመመ ነው። ለሞተማ ፍትሐት እንጂ ምን ይደረግለታል?» ፍትሐቱንም ሳያስደርጉ ጓሮ ወዳለው አመድ መድፊያ ወረወሩት። የቀሩትን ሁለቱን ግን ቁጭ ብለው አጠመቋቸው። በየማለዳው ጸበል... በየማለዳው «ውጣ! ልቀቅ!» የሚለው ድምፃቸው... እኔም አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ትእዛዙ ለኔ ይሁን ለጋኔኑ መለየት ያቅተኝ ነበር።

ብጫው በሰበሰ። እንደፈራሁት ሥሩ ሟምቶ ሸተተ። «የሱ ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ አማቴ። በእውነት አዘንኩ፤ ተራራ ሙሉ ብጫ ቢኖርም የኔ ብጫ እሱ ብቻ ነበር። ጥቁሩም ነገ ይሸታል ብዬ ማለዳ ማለዳ አጎንብሼ ላሸተው ጀመር። እሱ ግን ጭራሽ ቀና አለ። ጸበሉን እየጠጣ ቅጠሉ እንደ ጋሻ ሰፋ። ከመሀሉም አንድ ወፍራም እንቡጥ ብቅ አለ። ፈረንጁንም ሳይንሱንም ረሳሁ። ቦታዋ የኔ ልትሆን ነው!

የቁስቋም ዕለት ማለዳ አማቴ በራፉን ከፍተው ወጡና እልልታቸውን አቀለጡት። ካልሲዬን በአንድ እግሬ አድርጌ ሮጥኩ። እንቡጡ ተፈቷል። ጡሩምባው ወደ ሰማይ ተከፍቷል። «ጥቁር» ከሚለው ትልቅ ጽሑፌ በላይ፣ ለበዓል እንደወጣ ነጠላ ነጭ ሆኖ ቆሟል።

ያኔ ነው የፈረንጁ ቃል በጆሮዬ የጮኸው፤ ነጩ ውኃ አይጠግብም። ውኃ ሲጠማው ትከሻውን የጣለውን ነው እኔ ጥቁር እያልኩ ስጠብቀው የከረምኩት። ነጠብጣብ ስላለበት ነጭ ያልኩት ደግሞ...

«ነጻ! ኃጢአቱ ታጠበለት!» አሉ አማቴ።

ከቅዳሴ መልስ ግቢው ሰው ሞላው። የንስሐ አባታችንም መጡ፣ አቶ መርሻም መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተው መጡ። አባ አጎንብሰው አበባውን በደንብ አዩት። እሳቸው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እንዲህ ያለ ነጭ አበባ ከታች ወንዙ ዳር በቅሎ አይቻለሁ» አሉ።

«እንግዲያው እነሱም ድሮ ጥቁር ነበሩ ማለት ነዋ፣ አባቴ። ወንዙ ከየት ነው የሚወርደው? ከጸበሉ ተራራ አይደለም?»

አባ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እውነት ጥቁር ነበር?»

አልማዝ በዚያ አስተያየቷ ታየኛለች። ምን ልበል? ነጭና ጥቁር መለየት ያቃተኝ የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ ልበል? ደግሞስ ማን ሊያምነኝ? ምስክሩ በራሴ እጅ ተጽፎ ከአበባው ሥር ቆሟል።

«ጥቁር ነው ብዬ ነበር፣ አባ» አልኩ።

እልል ተባለ። እልልታው ሲበርድ አማቴ ወደኔ ጠጋ አሉ። «ውላችን ጥቁር ካሳዩኝ ነበር፣ አቶ ደምሴ። ያሳዩኝ ነጭ ነው። ቦታዋ የኔ ናት። ግን ጎመን አልተክልባትም፤ የተባረከ መሬት ሆናለች።» በማግስቱ ዙሪያዋን በእሾህ አጠሯት። እኔ ከሥራ ስመለስ እንደ ልማዴ ጠጋ ስል «አቶ ደምሴ፣ ጫማዎን ያውልቁ» ይሉኝ ጀመር። ባዶ እግሬን ቧንቧው ሥር ቆሜ፣ ጎመን ይሻል ነበር ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ።

በጋው እንዲህ አለፈ። ቦታዬን ማጣቴ ከልብ ከነከነኝ፤ አልማዝ እንኳ ስለ ሳይንስ መጠየቅ ተወችልኝ። ክረምት ገባ፣ ዝናቡ ዘነበ። አንድ ቀን ማለዳ አማቴ አመድ ሊደፉ ወደ ጓሮ ሄዱ። ወዲያው የያዙት የአመድ ቆርቆሮ ሲወድቅ ተሰማ።

«አልማዝ! ነይ ቶሎ! የወጣው... የወጣው እዚህ ቆሟል!»

ተከታትለን ሮጥን። ከአመዱ ክምር መሀል፣ ኖራ የተረጨበት የመሰለ ቅጠል ዘርግቶ፣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጡሩምባ አፉን ከፍቶ ቆሟል። «ሞቷል» ተብሎ የተወረወረው! በጋውን ሙሉ በደረቅ አመድ ውስጥ ለጥ ብሎ ተኝቶ፣ ማንም ሳያጠምቀው ተነሥቷል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ነገር አላየሁም።

«አልነገርኩዎትም፣ አቶ ደምሴ?» አሉ አማቴ እያማተቡ። «አበባው ሲነጻ ጥቁረቱ የት ገባ እያልኩ ሳስብ ነው የከረምኩት። ለካ እዚህ ወጥቶ ቆሟል!»

«እማዬ፣ ላስረዳዎት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ምንም አያስረዱኝ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አመድ አይደፋም። አልማዝም ድርሽ እንዳትል፣ ዶሮዎቹም ይታሰሩ። እኔም አልደርስበትም። ይኼ ጥግ የማንም አይደለም።»

ማስረዳቴን ዋጥ አደረግኩት። «እኔስ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እርስዎማ ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ያውቅዎታል» አሉኝና ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያሉ ሄዱ።

እናላችሁ፣ ይኼን የምጽፍላችሁ እዚያው ጓሮ፣ ከጋኔኑ አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ ነው። ጫማዬን አድርጌያለሁ። እግሬን እንደ ልቤ ዘርግቻለሁ። በርጩማዋ ብትፈለግም መጥቶ የሚወስዳት የለም፤ ከማለዳ ጀምሮም እግርዎን ያንሡ ያለኝ ሰው የለም።