ጋሼ ርጭት እና የእትዬ ትንፋሽ

በየሰፈሩ ከነፍሳት ጋር ደም የተቃባ አንድ ሰው አይጠፋም። "እኛ ጋ የለም" የምትሉ ካላችሁ ደህና አድርጋችሁ አልፈለጋችሁም፤ ወይ ሰውዬው እናንተው ናችሁ። ይህ ሰው በረሮ ሲያይ ዓይኑ ይቀላል። ዝንብ ሽው ካለችበት የጀመረውን ወሬ እዚያው ይተዋል። ጉንዳን በደጁ በሰልፍ ካለፈ ደግሞ "ንቀውኝ ነው" ይላል። ጉንዳን ሰው እንደሚንቅ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የኛ ሰፈሩ ሰውዬ ከኔ ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። ሙሉ ማዕረጋቸው "ክቡር ጋሼ ርጭት፣ የጓዳና የጓሮ ነፍሳት ሁሉ ጠላት" ነው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ስሆን እሳቸው እስካሁን አልሰሙም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ትልቅ እርሻ የፀረ ተባይ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ሰው ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ይሸለማል፤ እሳቸው በጀርባ የሚታዘል መርጫ ይዘው ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሰፈራችን እፎይ ብላ ያረፈች ዝንብ የለችም።

ጠዋት ፀሐይ ጓሮውን ሳትሞላው ከግድግዳው ማዶ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ብድግ ይላል። ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። በመስኮቴ በኩል ሲያልፍ ብርሃኑን ያገኝና ለአፍታ ቀስተ ደመና ይሆናል። ከመሃሉ ጋሼ ብቅ ይላሉ፤ ጀርባቸው ላይ መርጫውን አዝለው፣ አፋቸውን በባለቤታቸው በእትዬ አሮጌ ሻርፕ ሸፍነው፣ እግራቸው መሬት የማይነካ ይመስል ዝግ ብለው ይራመዳሉ። እኔም እንጀራዬ የሆነውን ጽሑፍ ትቼ ፈዝዤ አያለሁ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ያምር ነበር።

ሲበጠብጡ ደግሞ ማየት ነበረባችሁ። ባልዲ ውሃ ላይ አንድ ክዳን ጠብ ያደርጋሉ፤ ውሃው እንደ ወተት ይነጣል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውም ይኸው አንድ ክዳን ነው። ጋሼ ግን አንድ ይጨምሩና "ለጥንቃቄ" ይላሉ። ትንሽ አሰብ አድርገው አሁንም አንድ ይደግማሉ። "ይቺ ደግሞ ለሚያመልጠው።"

"ጋሼ፣ ጠርሙሱ እኮ አንድ ነው የሚለው" አልኳቸው አንድ ቀን በግድግዳው ላይ ተንጠራርቼ።

"እሱን የጻፈው ሰውዬ የኛን ትንኝ አያውቃትም!"

ከዚያ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው አየሩን ይስባሉ። ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ ፊታቸው ይፈታል፤ ካልሆነ ወደ ባልዲው ይመለሳሉ። "ካልሸተተ አልሠራም!" ይላሉ። ይቺን አባባል ሠርግ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋም ብለዋታል። ጓዳ ረጭተው ሲጨርሱ ደግሞ መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርገው ይዘጋሉ፤ እትዬን ውስጥ አስቀምጠው ነው ታዲያ።

"ኧረ ትንሽ ነፋስ ይግባልኝ" ይላሉ እትዬ።

"አንቺ፣ የሚወጣው እኮ ድካሜ ነው!"

በዚያ ሰሞን ሰፈራችን ሕልም ሕልም ይል ነበር። ንቦች መስኮቴ ደፍ ላይ መጥተው ይተኛሉ። የተኙ ነው የመሰለኝ። እግራቸውን ሰብስበው በጎናቸው ጋደም ይላሉ፤ አንዷን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ሳደርጋት ክንፏን አንዴ ታራግብና ትተወዋለች። የጎረቤት ድመት ቀጥ ብላ መሄዱን ትታ በጎኗ መሄድ ጀመረች። ጎህ ሲቀድ ዛፉ ላይ የሚንጫጩት ወፎች ቀነሱ፤ ቀጥሎ ሁለት ቀሩ፤ አንድ ጠዋት ደግሞ ከእንቅልፌ ነቅቼ "ምንድን ነው የጎደለኝ?" እያልኩ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ረፈደብኝ። ከዛፉ ሥር አንዷን ወድቃ አገኘኋት፤ የሞተ ትል በምንቃሯ እንደያዘች ነበር።

ለጋሼ አሳየኋቸው። ከልባቸው አዘኑ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"የወፍ በሽታ ገብቷል ማለት ነው" አሉ። "ዛፉን ልርጨው እንዴ?"

እኔም ብሆን ደህና አልነበርኩም። ከቁርስ በኋላ ራሴን ያዞረኛል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ፊደሉ ወረቀቱ ላይ ይዋኛል። የጋዜጣው አዘጋጅ "ሰሞኑን ጽሑፍህ ደመና ላይ ተቀምጠህ የምትጽፈው ይመስላል፤ ወደድኩት" አለኝ። ደመናው ከግድግዳ ማዶ እንደሚመጣ አልነገርኩትም።

የእትዬ ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው ድምፅ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው ያልፍና እኔ ጋ ይደርሳል። መጀመሪያ በመሃሉ አንዲት ሳል ገባች። ቆይቶ አንድ እጅጌ ለመስፋት መኪናዋ ሦስት ጊዜ መቆም ጀመረች። ይስላሉ፣ ከዚያ የጠፋውን ትንፋሻቸውን ለመመለስ አየር ይስባሉ፤ ቀጭን ፉጨት አለው፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ነፋስ ያለ። ወሬ ሲጀምሩም አይጨርሱትም፤ የቀረውን በእጃቸው ያሳዩሃል።

ጋሼ በጭንቀት ከሱ። አንገታቸው ኮሌታቸው ውስጥ ጠፋ።

"አንድ ነገር ነው ደረቷን የያዛት" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አልጋው ሥር ነው ያለው። ዓይኔ አላገኘውም እንጂ አለ።"

የአልጋውን ሥር ረጩ። ሳሉ ባሰ። ፍራሹን ረጩ። ሳሉ ባሰ። አንድ ክዳን ጨመሩ። ሰውዬው ሚስታቸውን ለማዳን ነበር የሚዋጉት፣ ያውም ሌት ተቀን። እኔስ? እኔ ጠርጥሬ ነበር። "ጋሼ፣ ይሄ የሚረጩት ነገር ቢሆንስ?" ለማለት ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ፣ ሦስት ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ። ያንን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

አንድ ጠዋት የእትዬ እጅ ተንቀጥቅጦ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው። ትንፋሻቸውም እምቢ አለ። በአንድ በኩል ጋሼ፣ በሌላው በኩል እኔ ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት። ገና ከበር ስንገባ፣ ካርዱን ሳታነብ፣ አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

"ቤት ውስጥ የምትረጩት ነገር አለ?"

የጋሼ ፊት በራ። ስንት ዘመን ሲጠብቁት የነበረ ጥያቄ ነው፣ የተማረ ሰው ጠየቃቸው። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ጠርሙሷን አወጡ። ስለ አንዱ ክዳን፣ ስለ ጥንቃቄው ክዳን፣ ስለሚያመልጠው ክዳን አስረዱ። መስኮት እንዴት እንደሚዘጋ በእጃቸው አሳዩ። በመጨረሻም ደረታቸውን ነፍተው "ካልሸተተ አልሠራም፣ ልጄ!" አሉ።

ሐኪሟ ጠርሙሷን በጓንት ተቀብላ ውጭ አስቀመጠችና እጇን ታጠበች። ወንበሯን ሳበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ሠርቷል፣ አባባ" አለቻቸው በቀስታ። "እማማ ላይ ሠርቷል።"

ጋሼ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ እንዳልገባው ሰው። ከዚያ እትዬን አዩ። ከዚያ የገዛ እጃቸውን አገላብጠው አዩ።

"እኔ ነኝ?" አሉ።

"መድኃኒቱም፣ የነካው ነገርም ሁሉ ከቤት ይውጣ" አለች ሐኪሟ። " ያኔ ሳንባቸው ዕድል ይኖረዋል። ካልወጣ ግን እኔም የምረዳቸው ነገር የለም።"

እትዬን እኔ ቤት አሳረፍናቸው። ጋሼ ያን ሳምንት የሠሩትን ሥራ ዐሥር ጎረምሳ አይሠራውም። የቀድሞ እርሻቸው ሰዎች መጥተው ጠርሙሱንም፣ መርጫውንም፣ ኮታቸውንም ሳይቀር በሣጥን አሽገው ወሰዱ። ፍራሹ ወጣ። ግድግዳና ወለሉ በሳሙና ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ። ከዚያ መፍቻ አምጥተው የመስኮቱን መዝጊያ ከነማጠፊያው ነቀሉት።

"ምነው ጋሼ?"

"እጄ ለምዶበታል" አሉ። "ሳላስበው እንዳልዘጋው።"

እትዬ ቤታቸው ገቡ። ትንሽ ሻል ያላቸው መሰለ። ጋሼ ግን ጠጋ ሲሉ ሳሉ ይነሳል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የታዘለ ነገር በአንድ ሳምንት ሳሙና ለቆ አይሄድም፤ ቆዳቸው ላይ ነበር። ይህን ሲረዱ በርጩማቸውን ይዘው ወጡና ከመስኮቱ ውጭ ተቀመጡ። ምሳቸውን እዚያ በሉ። ጋዜጣውንም በመዝጊያ አልባው መስኮት በኩል ጮክ ብለው አነበቡላቸው፤ የኔን ጽሑፍ ብቻ እየዘለሉ።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፣ ፀጉራቸው ተላጭቷል፣ ከአንገታቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

"ና እስቲ አሽትተኝ።"

"ምን?"

"አሽትተኝ አልኩህ! ከጆሮዬ ኋላ ጀምር።"

በዚህ ዓይነት የሰፈሩ ኦፊሴላዊ አሽታች ተባልኩ። በየጠዋቱ ይመጣሉ። አንገታቸውን እንዳሸትት ጎንበስ ይላሉ፣ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ እንደ ሽቶ ነጋዴ ዞሬ እጨርስና "ትንሽ አለ፣ ጋሼ" እላለሁ። ወደ ቧንቧው ይመለሳሉ። አንድ ቀን አንጀቴን በሉትና "ጠፍቷል፣ ይግቡ" ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ቀደሙኝ።

"እንዳታዝንልኝ" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "የምትተነፍሰው እሷ ናት።"

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ሁለት ጊዜ አሸተትኳቸው። ሳሙና ብቻ ነው።

"ማልልኝ።"

"እምላለሁ።"

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ግድግዳዬ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ቆምኩ፤ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ ጠጋ ተደረገ። ከዚያ ብዙ ቆይቶም ሳል አልመጣም። ቁርሴ ቀዝቅዞ ቀረ።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። እትዬ ፈጽመው አልዳኑም፤ ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ያርፋሉ፣ መኪናቸውንም በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚነኩት። ጋሼ ከነፍሳት ጋር ታረቁ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። መሣሪያ ነው የቀየሩት። ከሰዓት በኋላ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረንጦና ጣሳ ይዘው ጎመናቸው መሃል ይቀመጣሉ። ትል አንድ በአንድ ይለቅማሉ፣ እያንዳንዷን እየሰደቡ። እትዬ በመስኮቱ ሆነው "እሷን ትተሃታል፣ ከቅጠሉ ሥር!" እያሉ ያዛሉ።

እኔም ዘንድሮ ጎመን ተክዬ ነበር። የሚገርመው ነገር፣ የጋሼ ጎመን እያማረ ሲሄድ የኔ ወንፊት እየሆነ መጣ። ምክንያቱ ሊገባኝ አልቻለም። አንድ ቀን ከሰዓት ግድግዳው ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ ጋደም ባልኩበት ከወዲያ ሹክሹክታ መጣ።

"ሰውዬው አለ እንዴ?" እትዬ ናቸው።

"ቢኖርስ! እሱ እንደሆነ ሁልጊዜ እንደፈዘዘ ነው።"

"በል እንግዲያው፣ አንተ ሰውዬ፣ ወርውር!"

ጣሳው ከግድግዳው በላይ ብቅ ብሎ ተገለበጠ። ትሉ ጎመኔ ላይ ዘነበ፤ ሁለቱ ባርኔጣዬ ላይ አረፉ። "ጋሼ!" ብዬ ልጮህ ብድግ አልኩ።

በዚያው ቅጽበት እትዬ ሳቁ። ረጅም ሳቅ ነው፣ ከሆድ የሚመጣ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ፤ መጨረሻው ላይ ሳሉ ይመጣል ብዬ። ሳቁ አለቀ፣ እትዬ አየር ሳቡ፣ ደግመው ሳቁ። ሳል የሚባል ነገር አልነበረም። አፌ ላይ የነበረውን ዋጥኩት፣ ባርኔጣዬንም ቀስ ብዬ ጎመኑ ላይ አራገፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ገበያ ሄጄ ሌላ አንድ መደብ የሚሞላ የጎመን ችግኝ ይዤ መጣሁ።